ጭድ የበላ አግዳሚ

መርሳ ላይ የፕላስቲክ ዕቃ ስሸጥ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሳፋ፣ ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ጆግ፣ ወንበር። ፕላስቲክ ለነጋዴ የተመቸ ዕቃ ነው። አይጥ አይበላውም፣ አይነቅዝም፣ ሰውም እንደማይሰበር አድርጎ ስለሚይዘው ቶሎ ይሰብረውና ተመልሶ ይመጣል። በዚህ ሁሉ ዘመን ግን ፕላስቲክ ራሱ ምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር። የማሽላ ነጋዴ ማሽላ እንዴት እንደሚዘራ ያውቃል፤ እኔ የማውቀው ዕቃው ከመኪና ሲወርድ ነው። የተማርኩት መኪናው መምጣት ሲያቆም ነው። የተማርኩትም ከሁለት ሰው ነው፤ አንደኛው ጠላቴ፣ ሁለተኛዋ አማቴ።

ጠላቴ ያልኩት ከሱቄ ፊት ለፊት ዛፍ ሥር ተቀምጦ የተቀደደ ጀሪካን በጋለ ብረት የሚለጥፈውን ሰው ነው። እኔ የምሸጠውን ዕቃ እሱ ከሞት ያስነሳዋል። አንዲት ሴት የሚያፈስ ጀሪካን አንጠልጥላ ወደ እኔ ስትመጣ፣ "እናቴ፣ ይሄ እኮ ገና ሦስት ዓመት ያገለግላል" ብሎ መንገድ ላይ ይጠልፋታል። አስር ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት "እንዴት አደርክ" እንባባላለን። ከዚያ ያለፈ ወሬ አልነበረንም።

አማቴ ደግሞ ቤት መራጊ ናቸው። ከመርሳ እስከ ግራና ባለው መንገድ ዳር የእሳቸው እጅ ያላረፈበት ግድግዳ ጥቂት ነው። እኔን አንቱ እያሉ ነው የሚያዋርዱኝ። በአገራችን ወግ አማትና አማች አንቱ ይባባላሉ፤ ሰው በአንቱታ ሲሰደብ ግን ስድቡ ልክ እንደ ቅቤ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው።

የነገሩ መነሻ ቅሬው ነው። እኛ ወሎዎች ቅሬ የምንለው ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ነው፤ የእኛው ግን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ የሚቀብርበት፣ አንድ ላይ የሚቀጣበት ነው። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ንብረት ያዥ አለው። ንብረት ያዡ እኔ ነበርኩ። በታማኝነቴ ተመረጥኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ የተመረጥኩት ከሱቄ ጀርባ ሰፊ መጋዘን ስላለኝ ነው። ሁለት ድንኳን፣ አምስት ትልልቅ ብረት ድስት፣ ስልሳ የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ ቁልፍ። ወንበሮቹንም ለቅሬው ያቀረብኩት እኔው ነበርኩ። "አይሰበሩም" ብዬ ነበር ያቀረብኩት።

ጦርነቱ ወደ እኛ በመጣ ጊዜ እንደሰዉ ሁሉ ሸሸሁ። ባለቤቴንና አማቴን ይዤ ወደ ደጋው፣ ዘመድ ዘንድ ወጣሁ። ቁልፉን በኪሴ ይዤ ነው የሄድኩት፤ መጋዘኑ በቁልፍ የሚጠበቅ መስሎኝ። ወራት አልፈው ስንመለስ በሩ ከነመቃኑ የለም። ድስቶቹ የሉም። ከድንኳኖቹ አንዱ ተርፏል። ስልሳው ወንበር ግን አለ፤ እግሩ አንድ ቦታ፣ መደገፊያው ሌላ ቦታ፣ መቀመጫው ለሁለት ተከፍሎ፣ እንደ ሽሮ ክክ ወለሉ ላይ ተዘርግፏል። ማን እንደሰበረው አላውቅም፣ አልጠየቅኩምም። በዚያ ሰሞን መርሳ ውስጥ ያልተሰበረ ነገር ያለው ሰው ቢገኝ ኖሮ የሚጠየቀው እሱ ነበር።

ቅሬው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰበሰበው ዋርካው ሥር፣ መሬት ላይ ተቀምጠን ነው። የቅሬያችን ዳኛ ሽማግሌ ሸህ ናቸው፤ ሰውነታቸው ከባድ፣ ንግግራቸው አጭር። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው እሳቸው ብቻ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"በነዚያ ወራት የሞቱብን አሉ" አሉ። "ድንኳን ሳይጣልላቸው፣ ሰው ሳይቀመጥላቸው፣ ሦስትና አራት ሰው ነው አፈር ያለበሳቸው። ይህ የቅሬ ዕዳ ነው። የእናንተም ጾም የእኛም ጾም ሳይገባ በአንድ ቀን የሁሉንም ለቅሶ እንቀመጣለን ኢንሻአላህ።"

ሁሉም "ይሁን" አለ። ጀሪካን ለጣፊው ከኋላዬ ነበር የተቀመጠው። አባቱ በዚያ ሰሞን እንደሞቱ፣ እሱና ሁለት ጎረቤት ብቻ እንደቀበሯቸው ሰምቼ ነበር። ዞር ብዬ አላየሁትም።

ቀጥለው ሸሁ ወደ እኔ ዞሩ። "የቅሬው መቀመጫስ?"

"ተሰብሯል አባዬ።"

"አይሰበርም ብለኸን ነበር።"

"ጦርነት ይመጣል ብሎ የነገረኝ አልነበረም።"

ሰዉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። እጃቸውን ዘረጉ። "ቁልፉን ወዲህ በል። ሰው የሚቀመጥበትን ይዘህ ስትመጣ ትወስደዋለህ። ካልመጣህ ሌላ ንብረት ያዥ እንመርጣለን።"

ቁልፉን ሰጠሁ። በር የሌለው መጋዘን ቁልፍ ነው፤ ከብረትነቱ በቀር ጥቅም የለውም። ግን ቅሬ ፊት ቁልፍ የተነጠቀ ነጋዴ፣ ገበያ መሐል ሚዛኑን እንደተነጠቀ ነው። ከዚያ ወዲያ "ይሄ ዕቃ ጥሩ ነው" ብል ማን ያምነኛል? ቤት ስገባ ባለቤቴ ፊቴን አይታ አልጠየቀችኝም። ወሬው ቀድሞኝ ኖሮ አማቴ ጠየቁ። "አንቱ፣ ቁልፉን ጣሉት ወይስ ተጣሉ?"

በማግስቱ ወልድያ ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ የቆመው ከተቀመጠው ይበልጥ ነበር፤ ለእኔ ይህ ራሱ ምልክት ሊሆነኝ ይገባ ነበር። ወልድያ የማውቃቸውን ሱቆች ሁሉ ዞርኩ። አንድ የድሮ ደንበኛዬ በሩ ላይ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

"የሚሸጥ ወንበር አለህ?"

"ይሄ የተቀመጥኩበት ነው ያለው። እኔን ጨምረህ ከወሰድክ እንነጋገራለን።"

እንጨትስ እንዳትሉኝ። ከሰል ባልነበረበት ጊዜ የመርሳ አግዳሚና ቁም ሣጥን ሁሉ ወጥ ሠርቷል። ሰዉን ምንጣፍ ላይ እንዳናስቀምጠው ደግሞ ግማሹ ሽማግሌ ነው፤ ከመሬት ለማስነሳት ሌላ ቅሬ ያስፈልጋል።

ስመለስ ጀሪካን ለጣፊው ከዛፉ ሥር ተነሥቶ ሱቄ ውስጥ ቆሞ ጠበቀኝ። በአስር ዓመት ደፌን ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው።

"አያ፣ የወንበሩን ስብራት ጥለኸዋል?"

"የት እጥለዋለሁ?"

"አትጣለው። እናቅልጠውና ሳንቃ እናውጣው። ሳንቃውን ብሎኬት ላይ ብንጭነው አግዳሚ ነው።" ከዚያ ጨመረ፤ "እናቴ የአባቴን ለቅሶ ሰው በወጉ ተቀምጦላት ማየት ትፈልጋለች። ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ።"

"አልመሰለኝም" አልኩት። እንዲህ ሆነና ሥራ ጀመርን።

የተቆረጠ በርሜል፣ ከሥሩ ቀስ ያለ የከሰል እሳት፣ ማማሰያ ብረት። ለቅርጽ የሚሆን ከቆርቆሮ የተሠራ ረጅም ሣጥን በዘይት አሸን። ለመጫኛ የመኪና ክሪክ አገኘን፤ ሣጥኑን ከተቃጠለ የጭነት መኪና ሻንሲ ሥር አስገብተን ከሥሩ ባስቀመጥነው ክሪክ ወደ ላይ ስናነሣው መኪናው በክብደቱ ይጫነዋል። ያ መኪና ከመቃጠሉ በፊት ይህን ያህል የጠቀመው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ለጣፊው ከማቅለጡ በፊት እያንዳንዱን ስብራት ጫፉን በእሳት ለኩሶ ያሸታል። ጀሪካን ሲቃጠል እንደ ሻማ ይሸታል፣ የወንበሩ ሽታ ትንሽ ይሰላል፣ የውሃ ቱቦ ግን ዓይን ያቃጥላልና ወዲያ ይወረውረዋል። "የማይዛመዱ ናቸው" ይላል። "ጀሪካንን ከወንበር ብትለጥፈው ዛሬ ይያዛል፣ ነገ ይፋታል።" አላመንኩትም። ዞር ሲል አንድ ጀሪካን ቆራርጬ ጨመርኩ፤ ዕቃ ላበረክት ብዬ። ያ ሳንቃ ሲወጣ እንደ ብስኩት በየንብርብሩ ተላቀቀ። ለጣፊው አንሥቶ አሸተተው፤ ከዚያ እኔን አየኝ። አስር ዓመት ያልተናገረውን ሁሉ በዚያ አስተያየት ተናገረው።

ወንበሩን ብቻ አቅልጠን ያወጣነው ሳንቃ ደግሞ አምሮ ወጣ። ብሎኬት ላይ ጭነነው ተቀመጥንበት። አልተሰበረም፤ ግን እንደ ሕፃን ማዘያ ጎበጠና ሁለታችንን መሐል ላይ አገናኘን። የማሽላ ጆንያ ጭነንበት ስናየው አራት ጣት ወረደ። ጆንያውን አንሥተን በማግስቱ ስናየውም ሁለቱ ጣት ሳይመለስ ቀረ።

አማቴ ከሥራ ሲመለሱ ጭቃ በእጃቸው እንደደረቀ ቆመው ተመለከቱ። ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ሁሉ ግድግዳውን የሚያስመርግ ስለነበር ዕረፍት የላቸውም።

"ምን የሚሉት ነው?"

"የአግዳሚ ሳንቃ ነው እማማ።"

በጣታቸው ገፋ አደረጉት። "ጭድ የሌለው ጭቃ ነው። ጭድ ስጡት።"

ለጣፊው ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። ነጋዴ ነኝ፤ በነጻ የሚገኝ ነገር ከውድ ነገር ጋር ሊቀላቀል ይችላል ሲባል ጆሮዬ ይቆማል። ወቅቱ የጤፍ ውቂያ ያለቀበት ነበርና ከግራና መንገድ ጭዱን በአህያ ጭኜ አመጣሁ።

እዚህ ላይ የሠራነውን ስህተት የሚሠራው በጭቃ ቤት ያደገ ሰው ብቻ ይመስለኛል። በእኛ አገር ጭድ ደረቁን ጭቃ ውስጥ አይገባም። መጀመሪያ ጉድጓድ ውስጥ ከውሃ ጋር ይቦካል፤ ሳምንት ይከርማል፣ ይሸታል፣ ይለሰልሳል። ያልቦካ ጭድ ጭቃውን አይጨብጥም፣ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ይህን ልጅ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ እኛም ከአማቴ ጉድጓድ የቦካ ጭድ በጭልፋ አውጥተን፣ በእጃችን ጨመቅ አድርገን፣ የፈላው ፕላስቲክ ላይ አፈሰስነው።

በርሜሉ ጮኸ። እንፋሎት ቦግ አለ፣ የጋለ ፕላስቲክ ፈንጠር ብሎ ሱሪዬን ጉልበቴ ላይ በሳው፣ ለጣፊው ማማሰያውን ጥሎ መንገዱን ተሻገረ። ከማዶ ሆኖ "አያ፣ አለህ?" አለኝ። ቢሆንም ሣጥኑ ውስጥ ጨምረን ጫንነው። የወጣው ሳንቃ እንደ እንጀራ ዓይን በዓይን ነበር። ለጣፊው ጫፉ ላይ እንደተቀመጠ ቀጭ አለና መሬት ላይ አገኘሁት።

በሚቀጥለው ቀን ደረቅ ጭድ እንዳለ፣ ሳናቦካ ጨመርን። ሳንቃው ለዓይን ጥሩ ሆነ፤ ሲሰበር ግን የተሰበረበት ቦታ ላይ ጭዱ ሳይበጠስ ከነርዝመቱ ሾልኮ ወጥቷል፤ ከቅቤ ውስጥ እንደሚመዘዝ ፀጉር። ፕላስቲኩና ጭዱ ጎን ለጎን ተኝተዋል እንጂ አልተያያዙም።

አማቴን ጠራኋቸው። ሁለቱንም ስብራት አሳየኋቸው። ባለ ዓይኑን አዩ፣ ሾልኮ የወጣውን ጭድ በጣታቸው ነካኩ።

"ያልቦካ ጭድ ቆዳው ሰም ነው፤ ምንም አይይዝም። ማቡካታችሁ ደግ ነበር።"

"ፈነዳብን እኮ እማማ።"

"አንቱ ሰው፣ ይህን ያህል ዓመት ሲነግዱ ውሃ የጋለ ዘይት ላይ ሲወድቅ አይተው አያውቁም? ጭቃ ውሃ ይወዳል፣ ይህ የእርስዎ ነገር ይጠላል። ጭዱ ይቦካ፤ ከዚያ ይታጠብ፤ ከዚያ ደግሞ ይድረቅ።"

"ምን ያህል ይድረቅ?"

"ሲጨብጡት እስኪጮህ።"

ይህን ካሉ በኋላ ሄዱ። እኔ የዚያን ያህል የሚያውቅ ሰው በቤቴ እያለ ስንት ዓመት ስለ ሳፋ ሳወራ እንደኖርኩ ሳስብ አፈርኩ። አሳፈርኩም ማለት ይሻላል፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታወራዋለች።

ጭዱን ሳምንት አቦካነው፣ አጠብነው፣ ከቆርቆሮው ጣራ ላይ አሰጣነው። የመርሳ ፀሐይ ለሰው አትመችም እንጂ ለጭድ መልካም ናት። ሦስት ቀን ሆኖት ስጨብጠው ጮኸ። ሦስት ጣሳ የተከተፈ ወንበር፣ አንድ ጣሳ ጭድ። የወጣው ሳንቃ ቀለሙ የተመረገ ግድግዳ መሰለ፤ ቡናማ፣ በውስጡ ወርቃማ ጭረት ያለበት። ያንኑ ጆንያ ጫንንበት፤ አንድ ጣት ወረደ፣ አወረድንለት፤ ተመለሰ። ለጣፊው የወፍጮ መጅ ከጉልበቱ ከፍታ ለቀቀበት። ደብ አለ እንጂ አልተሰነጠቀም።

በዚህ ማቆም ነበረብን። ግን ነጋዴ አንድ ጣሳ ጭድ ይህን ካደረገ ሁለት ጣሳ ምን ያደርግ ይሆን ብሎ ሳይሞክር አያድርም። የሁለት ጣሳው ሳንቃ እጅግ ጠንክሮ ነው የወጣው፤ ጆንያው ላዩ ላይ ሲያርፍ ጭራሽ ንቅንቅ አላለም። በኩራት ለጣፊውን ጠራሁት። መጁን ለቀቀበት፤ እንደ ደረቅ ዳቦ ለሁለት።

"ስስታም ሳንቃ ነው" አለኝ። "አይጎብጥም፤ ግን አንድ ነገር ሲነግሩት ይሰበራል።"

"እኔን ነው ሳንቃውን?"

"አንተ ትጎብጣለህ አያ፣ አይቼሃለሁ።"

ወደ አንድ ጣሳ ተመለስን። የተሰበሩትን ደርድሮ ሲመለከት ለጣፊው ሌላም ነገር አስተዋለ። ስንጥቁ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከሥር ነው፤ ሰው ሲቀመጥ ላዩ ይጨመቃል፣ ሆዱ ይወጠራል። ስለዚህ ረጅም ረጅም የማሽላ አገዳ ልጥ፣ እንደ ጭዱ ታጥቦ የደረቀ፣ ከሥር በቁመቱ ዘረጋን። አማቴ ሲያዩት "ማገር አበጃችሁለት" ብለው አለፉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ምስጋና ነው።

የቀረው ውሃ ነበር። አንዱን ቁራጭ ሦስት ቀን ገንዳ ውስጥ ዘፈቅነው። ላዩ ደህና ነበር፤ የተቆረጠው ጫፉ ግን ጭዱ ባለበት ውሃ ጠጥቶ አብጧል። እዚህ ላይ ጠላቴ በሙያው ገባ። የጀሪካን መለጠፊያ ብረቱን አግሎ የሳንቃዎቹን ጫፍ ሁሉ በንጹህ ፕላስቲክ ለበደው፤ አንዲት ጭድ እንኳ ውጭውን እንዳታይ አድርጎ። አስር ዓመት ገበያዬን የዘጋብኝ ያ ብረት እንደሆነ እያሰብኩ ቁጭ ብዬ አየሁት። እጁ ጥሩ ነው። ይህን ለራሱ አልነገርኩትም።

አንድ አግዳሚ አምስት ወንበር ይበላል፤ የሚያስቀምጠው አራት ሰው ነው። አምስት አስገብቶ አራት የሚያወጣ ንግድ ሰምቼ አላውቅም። ግን ወንበሮቹ እንደሆኑ አንድም ሰው ማስቀመጥ ትተው ነበር። የተበላሹትንም መልሰን አቀለጥናቸውና አስራ ሁለት አግዳሚ ወጣ።

የለቅሶው ቀን ጠዋት የተረፈውን ድንኳን ጣልን፣ ብሎኬት ደረደርን፣ ሳንቃዎቹን ጫንን። ሰዉ እየመጣ ቆመ። ማንም አልተቀመጠም። ቡናማውን ሳንቃ ያያል፣ እኔን ያያል። ሸሁ በከዘራቸው እየተደገፉ መጡና የመጀመሪያውን አግዳሚ በከዘራቸው ቆረቆሩት።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ወንበራችን ነው አባዬ። ጭድ ጨመርንበት።"

"ጭድ? በሬ አደረግኸኝ?"

"በሬማ ይበላዋል፤ እርስዎ የሚቀመጡበት ነው።"

ጎንበስ ብለው ከሥሩ ተመለከቱ። አገዳውን አዩ። ለጣፊው አጠገቤ ቆሟል። እናቱ ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ቆመው ወደ እኛ ያያሉ።

ሸሁ ከዘራቸውን ለአንድ ሰው ሰጡ። "ቢስሚላህ" ብለው በሙሉ ክብደታቸው ተቀመጡ። ሳንቃው አንድ ጣት ያህል ወረደ፤ እኔ ነኝ የማውቀው። እዚያው ቆመ። ወዲያና ወዲህ ተወዛወዙበት። ከዚያ ቀና ብለው በጎናቸው ያለውን ባዶ ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉ፤ ሰውም ተቀመጠ።

ቀኑን ሙሉ ተቀመጥን። ስም በስም እየተነሣ ተለቀሰ፤ ለአንዱ ዱዓ ይደረጋል፣ ለሌላው ጸሎተ ፍትሐት ይነሣል። የለጣፊው አባት ስም ሲጠራ ድንኳኑ ሙሉ ሰው ተነሥቶ ለእናቱ ፊቱን አሳያቸውና ተመልሶ ተቀመጠ። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ሲቀመጥ ጎንበስ ብዬ ከሥር አየሁ፤ አስራ ሁለቱም ችለውታል። ለጣፊው ግን ሳንቃውን አላየም። እናቱን ነበር የሚያየው።

ከቀትር በኋላ የበልግ ካፊያ መጣና በድንኳኑ ቀዳዳ አግዳሚዎቹን አረጠባቸው። አማቴ በኩታቸው ጫፍ የሚቀመጡበትን ጠረግ አደረጉና ተቀመጡ። ጎረቤታቸው "ውሃ አያበላሸውም?" ስትላቸው ሰማሁ። "ጭዱን እኔ ነኝ ያቦካሁት" አሏት። ውሸት ነው፤ ጉድጓዱ ብቻ ነው የእሳቸው።

ሰዉ ሲበተን ሸሁ አስጠሩኝ። ገና እዚያው አግዳሚ ላይ ነበሩ። ከኪሳቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው እጄ ላይ አኖሩ። ቁልፉ ነው።

"በር አስገባለት" አሉኝ።

"አስገባለታለሁ አባዬ።"

"አይሰበርም አትበል ደግሞ።"

"አልልም። ሲሰበር እናቀልጠዋለን።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊነሡ ሲሉ ክንዳቸውን ያዝኩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ከተረፈህ ትንሽ ቁራጭ" አሉ፤ "ውዱእ የማደርግባት የእንጨት በርጩማ ውሃው እያበሰበሳት አስቸግራኛለች። ጫፉን ያ ልጅ ይዝጋልኝ።"

ጸሐይ ሳትጠልቅ እኔና ለጣፊው ሳንቃዎቹን በትከሻችን ወደ መጋዘኑ አጋዝን። ከአስራ ሁለቱ ዘጠኙ ቀጥ ብለዋል፤ ሦስቱ፣ ወፍራም ወፍራም ሰው የተቀመጠባቸው፣ ግማሽ ጣት ያህል ጎብጠው ቀርተዋል። ገልብጠን ደረደርናቸው፤ በክብደታቸው ይመለሳሉ ብለን።

ለጣፊው የመጨረሻውን ሲያስቀምጥ እጁን አራግፎ ሳቀ።

"አያ፣ አንድ ነገር አስበሃል?"

"ምን?"

"ይሄ ነገር የማይሰበር ከሆነ አንተም አትሸጥም፣ እኔም አልለጥፍም።"

እውነቱን ነው። አሰብኩበት። ከዚያ የሸሁን በርጩማ ልክ በስንዝር ለካሁና ጭድ እንዲቦካ ለአማቴ ልነግር ወጣሁ።